አቋም በኪራይ

እኔ የምለው፣ በዚህች ከተማ የማይከራይ ነገር ምን ቀረ? ቬሎ ይከራያል፣ ሱፍ ይከራያል፣ ድንኳንና ወንበር ይከራያል፣ የሠርግ መኪና ይከራያል። ይሁን፤ ለአንድ ቀን ተብሎ ቬሎ አይገዛም። እኔን ያስገረመኝ አቋምም መከራየት መጀመሩ ነው። አዎ፣ አቋም! ሰው «እኔ የማምነው እንዲህ ነው» የሚለው ነገር በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ፣ ተጠርዞ፣ ውጭ አገር ለመማር ፈተና ለሚቀመጡ ልጆች ይሸጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውጭ ሄዶ ለመማር የሚያመለክት ወጣት ብዙ ጊዜ አይኤልትስ ወይም ቶፍል የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ይጠየቃል። አሜሪካ ማስተርስና ዶክትሬት ለመማር የሚፈልግ ደግሞ፣ የትምህርት ክፍሉ ካዘዘ፣ ጂ.አር.ኢ. የሚባለው ይጨመርበታል። ልጆቻችንን እንቅልፍ የሚነሳቸው ድርሰቱ ነው። አይኤልትስ በ40 ደቂቃ ቢያንስ 250 ቃላት ያስጽፋል። ጂ.አር.ኢ. አንድ ሐሳብ ፊትህ ያስቀምጥና በ30 ደቂቃ ውስጥ «እስከ ምን ድረስ ትስማማለህ? ለምን?» ይልሃል። ቶፍልም እስከ እ.ኤ.አ. 2023 አጋማሽ ድረስ የ30 ደቂቃ ድርሰት ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ አጠር ባለ ጽሑፍ ተክቶታል።

ጥያቄዎቹ ሰማይ የሚያስቧጥጡ አይደሉም። ልጅ በገጠር ቢያድግ ይሻላል ወይስ በከተማ? ቴክኖሎጂ ሰውን አቀራረበው ወይስ አራራቀው? መንግሥት ገንዘቡን ለኪነ ጥበብ ያውጣ ወይስ ሌላ የሚቀድም ጉዳይ አለ? ማንም ሰው ቡና እየጠጣ የሚከራከርበት ነገር ነው። ታዲያ ቡናው ላይ አላስወራ የሚለን ልጅ ወረቀቱ ላይ ሲደርስ ምን ነካው?

የወዳጅ ዘመድ ልጆች «እስቲ እዩልኝ» እያሉ ድርሰታቸውን ያመጡልኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ ልጆቹ እርስ በርስ የተኮራረጁ ነበር የመሰለኝ። ኋላ ነው የገባኝ፤ ሁሉም የተከራዩት ከአንድ ቤት ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «ይህ ጉዳይ በዘመናችን እጅግ አከራካሪ ከሆኑት አንዱ ነው። አንዳንዶች ይህን ያምናሉ፤ ሌሎች ደግሞ ያንን ያምናሉ። እኔ በበኩሌ ሁለቱም ጥቅምና ጉዳት አላቸው ብዬ አምናለሁ።» «ይህን» እና «ያንን» የሚለው ቦታ ባዶ ነው፤ የፈተናው ቀን ይሞላል። ዛሬ ጥያቄው ስለ ገጠርና ከተማ ከሆነ ገጠርና ከተማ ይገባበታል። ነገ ስለ ቴሌቪዥን ከሆነ ቴሌቪዥን። ከነገ ወዲያ ስለ ሞት ቅጣት ከመጣም፣ በዚሁ ስሌት፣ መሰቀልም ጥቅምና ጉዳት አለው ማለት ነው! ጉድ እኮ ነው።

ከእነዚህ ልጆች አንዱን አልረሳውም። ስለ ገጠርና ከተማ ጽፎ መጣ። በገጠር ንጹሕ አየር አለ፣ በከተማ መዝናኛ አለ፣ ስለዚህ ሁለቱም ጥቅምና ጉዳት አላቸው፤ አለቀ።

«አንተ የት ነው ያደግኸው?» አልኩት።

«ገጠር ነው፣ ጋሼ።»

«እንዴት ነበር?»

«ኧረ ተዉት ጋሼ፣ ትምህርት ቤቱ በእግር ሁለት ሰዓት ነው። ክረምት መግቢያና መውጫ ላይ ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ጭራሽ አንሄድም። እህቴ በዚያው ቀረች፤ ዳሯት።»

«ታዲያ ይኼን ለምን አልጻፍከውም?»

ልጁ ደንግጦ አየኝ። «እሱማ የራሴ ነገር ነው እኮ! ፈተና ላይ እንደሱ ይጻፋል እንዴ?»

እዚህ ላይ ነው የኔ ጠብ። ጠቡ ከልጁ ጋር አይደለም። ሁለት ሰዓት በእግሩ እየሄደ የተማረ፣ እህቱ በወንዝ ሙላት ምክንያት ከትምህርት የቀረችበት ልጅ፣ «ልጅ የት ቢያድግ ይሻላል» ለሚለው ጥያቄ እኔና እናንተ የሌለን መልስ አለው። መልሱ እግሩ ላይ አለ። ግን ያንን ትቶ አይቶት ስለማያውቀው «መዝናኛ» ይጽፋል። የራሱ ኑሮ ለምክንያትነት እንደማይበቃ ማን ነገረው? የሌላ ሰው ሐሳብ ከራሱ ሐሳብ እንደሚሻል ማን አሳመነው?

እንነጋገር ከተባለ፣ እኛው ነን የነገርነው። ቤት ውስጥ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አልነው። ሲጠይቅ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አልነው። ትምህርት ቤት ሰደድነው፤ እዚያም ሐሳቡን የሚጠይቀው አልተገኘም። ስድሳና ሰባ ተማሪ የታጨቀበት ክፍል የሚያስተምር መምህር ድርሰት አስጽፎ በምን ጊዜው ያርማል? የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናችን ደግሞ የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። ትክክለኛው መልስ ምንጊዜም ሌላ ሰው ጽፎ ያስቀመጠው ነው፤ የተማሪው ሥራ ማግኘት ብቻ ነው። ፈተና ላይ ያልመጣ ነገር ክፍል ውስጥ አይደክሙበትም፤ ስለዚህ ድርሰት ተረሳ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሎች የጻፉትን መልስ ሲመርጥ የኖረ ልጅ አንድ ቀን ባዶ ገጽ ሰጥተውት «አንተስ ምን ትላለህ?» ሲሉት፣ እዚያም ላይ ኤ እና ቢ ቢፈልግ ምን ይፈረድበታል?

ይህን ክፍተት ነው የአቋም ነጋዴው ያየው። «የኛን ወረቀት ሸምድድ፣ ስድስት ከግማሽ ትደፍናለህ» ይለዋል። የጂ.አር.ኢ. ክፍያ ብቻ 220 ዶላር ነው። ይህን ወደ ብር መልሱትና አስቡት። አባት እቁቡን ያወጣበት፣ እናት የጆሮ ጌጧን የሸጠችበት፣ ውጭ ያለች አክስት የላከችው ገንዘብ ነው። በዚህ ገንዘብ ፈተና የሚቀመጥ ልጅ ነው ባዶ ቦታ ያለው ወረቀት ታቅፎ የሚገባው።

ወረቀቱ ቢያንስ ቢሠራ ደግ ነበር። የአይኤልትስ አራሚዎች የሚመሩበት መለኪያ ለሕዝብ የተገለጸ ነው፤ ሰባት የሚያገኝ ድርሰት ግልጽ አቋም ማሳየት አለበት ይላል። ሙሉ በሙሉ ተሸምድዶ የተጻፈ መሆኑ የተረጋገጠበት ድርሰት ደግሞ ዜሮ ነው። የጂ.አር.ኢ. አዘጋጅም የድርሰቶችን መመሳሰል ያጣራል፤ ከሌላ ተፈታኝ ጽሑፍ ጋር ከልክ በላይ የተመሳሰለ ከተገኘ ውጤቱን እስከ መሰረዝ ይደርሳል። ከሁሉ የሚገርመው ግን ይህ ነው፤ ጂ.አር.ኢ. የሚያወጣቸው የሐሳብ ጥያቄዎች ሙሉ ዝርዝራቸው አስቀድሞ ታትሞ ማንም በነፃ ያገኘዋል። እስቲ ፍረዱ! ጥያቄው ተነግሮህ፣ ለማሰብ ወራት ተሰጥቶህ፣ አንተ የሰው መልስ ትገዛለህ?

«ቀላል አድርገህ አታውራ፤ ቋንቋው የሰው አገር ቋንቋ ነው። ድጋፍ የሌለው ልጅ ወረቀት ባይዝ በምን ይጻፍ?» የሚሉኝ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ድርሰት እንዴት እንደሚከፈት፣ አንቀጽ ከአንቀጽ እንዴት እንደሚያያዝ ማስተማር ሥራ ነው፤ ያንን የሚያስተምር አስተማሪ ገንዘቡ ሐላል ነው። የኔ ጠብ ከአጥሩና ከምሰሶው ጋር አይደለም። ቤቱን ከነነዋሪው ከሚሸጠው ጋር ነው። ደግሞም እንግሊዝኛው የተሰባበረ ልጅ እውነተኛ ምክንያት ካለው አራሚው ይረዳዋል። ምክንያት የሌለው ልጅ በሸመደደው የተዋበ ዐረፍተ ነገርና በራሱ የተሰባበረ ዐረፍተ ነገር መካከል ያለው ገደል ግን ያጋልጠዋል።

ሌሎች ደግሞ «ፈተናው ራሱ ማጭበርበሪያ ነው» ይላሉ። እዚህም ላይ እውነት አላቸው። ኤስ.ኤ.ቲ. የሚባለው የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ እ.ኤ.አ. በ2005 የ25 ደቂቃ ድርሰት ሲጨምር፣ በኤም.አይ.ቲ. የጽሑፍ መምህር የነበሩት ሌስ ፔሬልማን ነጥብ የተሰጠባቸውን ድርሰቶች ሰብስበው አዩ። ረዥሙ ነጥብ ያገኛል፣ አጭሩ ያጣል፤ የታሪክ ስህተት ነጥብ አያስቀንስም። እኚሁ ሰው በ2014 ከተማሪዎች ጋር ሆነው ትርጉም የለሽ ድርሰት የሚያመርት ፕሮግራም ሠሩ፤ የኮምፒውተር አራሚዎችም ለዚያ ቅዠት ከፍ ያለ ነጥብ ሰጡት። ኤስ.ኤ.ቲ. ድርሰቱን በ2016 በፈቃድ አደረገው፤ በ2021 ደግሞ ለአብዛኛው ተፈታኝ አስቀረው። እና ምን ይሁን? ሚዛኑ ጎደሎ ነው ተብሎ ጤፍ ውስጥ አሸዋ ይቀላቀላል? ፈተናው ነገ ይቀየራል፣ ይቀራል። ያለ ሐሳብ ያደገ ልጅ ግን ፈተናው ቢቀርም ያለ ሐሳብ ይኖራል።

ጠንካራ አስተያየት ሲባል ደግሞ ጩኸት የሚመስለው አለ። «ሁልጊዜ»፣ «ማንም ሰው»፣ «ፈጽሞ» የሚሉ ቃላት የደረደረ ጠንካራ የጻፈ ይመስለዋል። እንዲያውም የደከመ ነው፤ አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ይጥለዋል። ጠንካራ አስተያየት አጥር አለው፤ እስከዚህ ድረስ እሟገታለሁ፣ ከዚህ ወዲያ አይመለከተኝም ይላል። መሐል መቆምም ነውር አይደለም፤ ነውሩ መሐሉ የት እንደሆነ ሳያሳዩ መቆም ነው። የተቃዋሚውንም ነገር ይጠራል። ከጂ.አር.ኢ. ጥያቄዎች አንዳንዶቹ ይህንኑ በግልጽ ያዛሉ፤ አቋምህን ሊያፈርስ የሚችለውን ምክንያት አንሣና መልስለት ይላሉ።

የገጠሩን ልጅ ወስደን እንሞክረው። «ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በእግር ሁለት ሰዓት በሚርቅበት አገር፣ ልጅ ከተማ ቢያድግ ይሻለዋል» ብሎ ይጀምር። አጥሩ ይኸው። ምክንያቱ ወንዙና እህቱ ናቸው። ባላጋራው ይነሣና «ገጠር ልጅን ጎረቤት ያሳድገዋል፤ ከተማ በር ተዘግቶበት ብቻውን ይውላል» ይበለው። ልጁም «እውነት ነው፤ እኔንም ጎረቤት አሳድጎኛል። ግን ጎረቤት ወንዝ አያሻግርም። ድልድይ ሲሠራ ክርክሬን አነሣለሁ» ይበል። ይህ በየትኛው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይሸጣል? የትኛውስ አራሚ ነው ይህን አንብቦ ቀና ብሎ የማያስብ?

ሙግት ደግሞ ለኛ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ አይደለም። አባቶቻችን ዋርካ ሥር ቆመው «በላ ልበልሃ» ሲባባሉ፣ በማር፣ በፈረስ፣ በበቅሎ ሲወራረዱ፣ መንገደኛው ቆሞ ሲሰማ የኖረ አገር ነው። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ የሌላውን ቅኔ ሸምድዶ ቢያቀርብ ይታፈርበታል፤ ራሱ ቆጥሮ፣ ራሱ ደክሞ ያመጣውን ነው መምህሩ ፊት የሚነግረው፤ መምህሩም እዚያው ያቃናለታል። ሽምደዳውም፣ ሙግቱም፣ ፈጠራውም የኛ ነበሩ። እኛ ግን ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ስንገባ ሽምደዳውን ብቻ ይዘን ገባን።

አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል። «ለስኮላርሺፕ ለምን እንደምትፈልገኝ ጻፍልኝ» ሲሉት ይጽፋል። ኪራዩ በነፃ ሆነ ማለት ነው። ፈተና አዳራሽ ውስጥ ግን እሱ የለም፤ ከዚያም በኋላ፣ ዕድሉ ተገኝቶ በሰው አገር ክፍል ውስጥ አስተማሪው ዘወር ብሎ «አንተስ? በአገርህ እንዴት ነው?» ሲልም የለም። ያኔ «ሁለቱም ጥቅምና ጉዳት አላቸው» ያለ ሰው አንድ ጊዜ ይሰማል፤ ሁለተኛ አይጠየቅም።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ በሳምንት አንድ ገጽ አስጽፉ። ክፍሉ ሰባ ከሆነ ሁሉም እርስ በርስ ተለዋውጦ ያንብብ፤ አሥሩን እናንተ እረሙ። በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ፣ ልጁ አፉን በፈታበት ይጀምር፤ ሐሳብ ከመጣ እንግሊዝኛው ይከተለዋል። ወላጆችም፣ ለማሰልጠኛ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ማታ ራት ላይ ልጃችሁን አንድ ነገር ጠይቁት። መልሱ ከናንተ ሐሳብ ጋር ቢጋጭ አትቆጡ፤ «ለምን?» ብቻ በሉት። ይህ ገንዘብ አያስወጣም። ለተከራየው አቋም ግን ልጃችሁ ዕድሜ ልኩን ኪራይ ይከፍላል።