የሲኒማው ብርድ ልብስና የአባቴ ቡሉኮ

ባለፈው ዓመት የወላጆች በዓል በደረሰ ጊዜ የድራማ ክበባችን አንድ ቲያትር አዘጋጅቶ ነበር። ሲኒማ ማዘውተሬን ሁሉም ስለሚያውቅ ልብስ የመምረጡ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ከከተማ ተምሮ ለሚመለሰው ልጅ ከዲላ ሳልባጅ ተራ ጥቁር የቆዳ ጃኬትና መነጽር ገዛሁለት። ለገበሬው አባት ግን አሮጌ ቡሉኮ ለምኜ አመጣሁና በምላጭ ቀዳድጄ፥ ጭቃም ለቅልቄ አለበስሁት። ገበሬው ገና ብቅ ሲል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ሥራዬ ተሳካልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

አባቴ ከተመልካቾቹ መካከል ቡሉኮውን ለብሶ ተቀምጦ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ብዙ አልተናገረም። በጌዴኡፋ ቋንቋ፥ «የቡሌን ብርድ እንዲያ ባለ ቀዳዳ ልብስ የሚችል ገበሬ የት አየህ?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ።

አንባብያን ሆይ፥ እኛ ተማሪዎች ከሲኒማ ልብስ መቅዳት እንወዳለን፤ ይህንንም ነውር ነው የምል አይደለሁም። ነገር ግን የምንቀዳው ልብሱን ነው እንጂ ልብሱን የመረጠውን ሰው ዓይን አይደለም። የአክተሩ ጃኬት ለዲላ ሙቀት ይከብዳል፤ ለቡሌ ጉም ደግሞ አይበቃም። ይህን እያወቅን እንገዛዋለን።

ብዙዎቻችን «ብላክ ፓንተር» የተባለውን ፊልም በስልክ ደጋግመን አይተነዋል። ፊልሙ የወጣው በ2010 ዓ.ም. ነው። ልብሱን ያዘጋጀችው ሩት ካርተር በ2011 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራዋ የኦስካር ሽልማት ተቀብላለች፤ በልብስ ዝግጅት ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እርስዋ ናት። በፊልሙ ውስጥ የድንበር ጠባቂዎቹ የሚከናነቡትን ሰማያዊ ብርድ ልብስ ታስታውሳላችሁ? እኔ ሦስት ጊዜ እስካየው ድረስ የፈረንጅ ፈጠራ ይመስለኝ ነበር። የሌሶቶ ሕዝብ የዘወትር ልብስ ነው! ሌሶቶ መላ ግዛትዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1000 ሜትር የሚበልጥ ደጋ አገር ናት፤ ሰዎቹም ብርድ ልብሱን የሚለብሱት እኛ ቡሉኮ በምንለብስበት ምክንያት ነው፤ ይበርዳቸዋል። ብርድ ልብሶቹ ለአክተሮቹ ከባድ ሆነው በመገኘታቸው እንዲሳሱ ጠጉራቸው በጢም መላጫ ተላጨ ይባላል። እንግዲህ እርስዋም መላጫ ይዛለች፥ እኔም ምላጭ ይዣለሁ። እርስዋ ልብሱ በሰው ላይ እንዲያምር ላጨችው፤ እኔ ሰው እንዲስቅበት ቀደድሁት።

በዚያው ፊልም ከንፈራቸው ላይ ገል ያደረጉ ሽማግሌ ሙሉ የከተማ ልብስ ለብሰው ከንጉሡ ጉባኤ ይቀመጣሉ። ገሉ ከእኛው አገር ከሱርማና ከሙርሲ የታየ ነው። በጉባኤው ማንም አይስቅባቸውም።

አንድ የክበባችን ጓደኛ ይህን ስነግረው፥ «ታዲያ ገበሬው ድኻ አይደለምን? ድህነቱን እንሸፍን?» ሲል ተከራከረኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። መልሱን ያገኘሁት ከኃይሌ ገሪማ ፊልም ነው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለው ይህ ፊልም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ተቀርጾ በ1976 ዓ.ም. ለሕዝብ ታየ። በእርሱ ውስጥ የገበሬዎቹ ልብስ ያረጀ ነው፤ ነገር ግን ያረጀው በሥራ መሆኑ ያስታውቃል። የእኔ ቡሉኮ ግን የተቀደደው በምላጭ ነበር፤ አባቴም ይህን ከሩቅ ለየው።

ስለ መድረኩም አንድ ነገር ልበል። የከተማውን ቤት በቀለም አሳምረን፥ የገበሬውን ቤት በከሰል አጥቁረነው ነበር። የብላክ ፓንተርን ከተማ ያሰበችው ሐና ቢችለር ግን የአፍሪካን የሣር ክዳን ከፎቁ ጫፍ ላይ አውጥታ አስቀመጠችው። እኛ የቀርከሃ አጥር፥ እንሰትና ዛፍ የከበበው ቤት በየቀኑ እያየን ነው የምናድገው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ከሰል ምን አመጣው? (ከሰሉን ያቀረብሁትም እኔ እንደ ሆንሁ አልሸሽግም።)

እኔ አሁን ጃኬቴን አልጣልሁም። ነገር ግን ልብስ ሰፊው ዘንድ ወስጄ ከአሮጌ ቡሉኮ በተቆረጠ ጨርቅ ውስጡንና አንገትጌውን አስለበጥሁት። ጓደኞቼ መጀመሪያ «ቄስ መሰልህ» አሉኝ። በሐምሌ ጉም ግን ሁለቱ መጥተው ልብስ ሰፊው የት እንደ ሆነ ጠየቁኝ። አንገትጌው ትንሽ ጠማማ ነው፤ ይህ የሰፊው ጥፋት እንጂ የአሳቡ አይደለም።

ዘንድሮም ያው ቲያትር ይታያል፤ ገበሬውም ያለ ቀዳዳ ይወጣል። ለዚሁ አባቴን ቡሉኮውን እንዲያውሰኝ ለመንሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፥ «ውሰድ፤ ግን ሳይመሽ መልሰው፤ እኔ ምን ለብሼ ላድር ነው?» አለኝ።