የዓሣው መብራትና 220 ቮልት

ባለፈው የለጠፍኩትን የአኳሪየም ፎቶ አይታችሁ «ቲቸር፣ መብራቱ ከየት ነው?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ከየትም አይደለም፤ እዚሁ ኮልፌ፣ ሳሎን ወለል ላይ ቁጭ ብዬ የሠራሁት ነው። አሠራሩን እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ለምን እንደሠራሁት ልናገር፤ ምክንያቱ ቁጠባ ብቻ አይደለም።

የዓሣው ሣጥን 60 ሴንቲሜትር ርዝመት አለው። ክዳኑን አጠና ተራ አካባቢ ያለ አናጢ በቺፕውድ ሠርቶልኝ፣ ውስጡ ባለ 18 ዋት ፍሎረሰንት ነበረበት። ፍሎረሰንቱ ሲቃጠል ምን አደረግኩ? ተራ አምፖል ከነሶኬቱ በፌሮ ሽቦ አሰርኩበት። «ለጊዜው ነው» ብዬ። ለጊዜው የተባለ ነገር እኛ አገር ስንት ዓመት እንደሚቆይ ታውቃላችሁ።

ከውኃው የሚነሳው እንፋሎት ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል፣ ሶኬቱም ይረጥባል። አንድ ቅዳሜ የአምስት ዓመቷ ልጄ ለዓሦቹ ምግብ ልትሰጥ በእርጥብ እጇ ክዳኑን ስታነሳ ያዛት። ጩኸቷን እስካሁን እሰማዋለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወርውሮ ለቀቃት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወደ ዓሦቹ አልቀረበችም። እኔ ደግሞ ክፍል ገብቼ ስለ ኤሌክትሪክ ከረንት የማወራ ሰው ነኝ! ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የማንም አይደለም።

ስለዚህ አቋሜ ይሄ ነው፦ በቤታችን ውኃ ካለበት ነገር ላይ 220 ቮልት ማንጠልጠል ይቅር። አዲስ ክዳን መግዣ የለኝም ማለት ሰበብ አይሆንም፣ ምክንያቱም ክዳኑን ሳትቀይሩ መብራቱን ብቻ በ12 ቮልት መተካት ይቻላል። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብሩ በገበያ ከተተመነ ጀምሮ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ውሸት ይሆናል። መርካቶ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ የሚሸጡት ጋ ሄዳችሁ ባለ 12 ቮልት የኤልኢዲ ሪባን ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ በአምስት ሜትር ጥቅል ነው የሚመጣው። ሁለት ሆናችሁ ብትካፈሉት ይበቃችኋል።

አሁን ሒሳቡ። (ተማሪዎቼ፣ «ይሄ ምን ይጠቅመናል?» ትሉኝ የነበረው ይኸው!) 5050 የሚባለውና በሜትር 60 አምፖል ያለው ሪባን በሜትር 14.4 ዋት ገደማ ይበላል። የሚቆረጠው በየሦስት አምፖሉ ነው፣ ማለትም በየ5 ሴንቲሜትሩ፤ የመቁረጫው ምልክት ላዩ ላይ አለ። ለእኔ ሣጥን 60 ሴንቲሜትር ሁለት ረድፍ፣ 1.2 ሜትር ሆነ። ሲባዛ 17 ዋት ገደማ፣ ለ12 ሲካፈል 1.44 አምፔር። ስለዚህ የ2 አምፔር አዳፕተር ያስፈልጋል። ቤት የተቀመጠችው የዋይፋይ አዳፕተር 1 አምፔር ከሆነች አንድ ረድፍ ብቻ ነው የምትችለው፤ ሁለት ብትጭኑባት ትግላለች፣ ትሞታለች።

ሪባኑን በቀጥታ ቺፕውድ ላይ አትለጥፉት፤ ሙቀቱ መሄጃ ያጣል፣ ማጣበቂያውም በእርጥበት ይለቃል። አሉሚኒየም ቤት ሄዳችሁ ቁራጭ ለምኑ፤ እኔን ገንዘብ አላስከፈሉኝም። በካዊያ ያያያዛችሁትን ጫፍ በሲሊኮን ድፈኑት። አዳፕተሩ ከሣጥኑ ራቅ ብሎ ግድግዳ ላይ ይሁን፤ ሽቦው ወደ ሶኬቱ ከመውጣቱ በፊት ወደ ታች ረገብ ይበል፣ ጠብታ ቢወርድበት እዚያው መሬት ላይ ይቀራል። ይህቺን አትዝለሏት፤ የልጄን እጅ አስቡ።

የብርሃኑ ቀለም ላይ ነጩን ምረጡ፣ 6500 ኬልቪን አካባቢ የተጻፈበትን። ቢጫው ቤት ያሳምራል፣ ለዓሣው ሣጥን ግን እኔ ነጩን እመርጣለሁ። ነጭ ኤልኢዲ የሚባለው በአብዛኛው ሰማያዊ ሆኖ ላዩ ላይ ቢጫ ዱቄት የተቀባ ነው። ሰማያዊውን ለሠሩት ሦስት ጃፓን የተወለዱ ሳይንቲስቶች በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል የተሰጣቸው በከንቱ አይደለም።

አንዳንድ ሰዎች «ብርሃን በበዛ ቁጥር ዓሣው ይደሰታል» ይላሉ። ሐሰት ነው። ዓሣው የሚፈልገው ቀንና ሌሊት መለየቱን ነው፣ ድምቀቱን የምንፈልገው እኛ ነን። ትርፉ ብርሃን የሚያፋፋው አልጌን ነው፤ መስታወቱ አረንጓዴ ለብሶ ቅዳሜያችሁን በመፈግፈግ ታሳልፋላችሁ። እኔ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት አበራለሁ፣ ከዚያ አጠፋለሁ። ባለ ጥርሱን የሰዓት ማብሪያ ሞክሬው ነበር፤ መብራት በሄደ ቁጥር አብሮ ቆሞ ሌሊት ማብራት ሲጀምር ተውኩት። በነገራችን ላይ መብራት ሲሄድ ለብርሃኑ አትጨነቁ፤ ዓሣ የሚሞተው የአየር መንፊያው ሲቆም ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «በመምህር ደሞዝ ዓሣ ታረባለህ እንዴ?» ብሎ ስቆብኛል። አዎ፣ አረባለሁ። እኔ በዲፕሎማ የተመረቅኩ መምህር ነኝ፣ ኢንጂነር አይደለሁም፤ ይህንን ሥራ ግን ካዊያ የያዘ የሠፈር ልጅ ሁሉ ይችለዋል። ቢራ ቢሆን ማንም አይጠይቀኝም ነበር። የሚያናድደኝ ሳቁ አይደለም፤ ድሃ ያማረ ነገር ቤቱ ሊኖረው አይገባም የሚለው ሐሳብ ነው። ልጄ አሁን ማታ ማታ ወንበር ስባ እዚያ ሥር ትቀመጣለች፣ አንዱን ዓሣ «ጋሼ» ብላ ሰይማዋለች። ለምን ጋሼ እንደሆነ አልነገረችኝም።

ሽቦ የሚፈራ ካለ ሪባኑንና አዳፕተሩን ይዞ ይምጣ፤ እሁድ ከሰዓት ቤት ነኝ። ካዊያም ስታኞም አለኝ፣ ቡናም ይፈላል።