«ሁኔታው አስገድዶኝ ነው»

«ጋዜጠኝነትን እንዴት መረጥሽ?» ተብለን ስንጠየቅ መልሳችን እንደ ውጤታችን ነው። ኤ ያገኘ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሕልሜ ነበር» ይላል፤ ኤፍ ያገኘ ደግሞ «ምን ላድርግ፣ የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ይላል። (እኔ የተጠመቅኩት በሰማንያ ቀኔ ስለሆነ ይመለከተኝ እንደሆነ እንጃ።)

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ሴሚስተር ለዜና አጻጻፍ አሳይመንት ስለ ሽንኩርት ዋጋ አንዲት የጉልት ነጋዴ ጠየቅኩ። «ተወደደ» ብቻ ብለው ወደ ደንበኛቸው ዞሩ። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ያላሉትን ረጅም ንግግር በትምህርተ ጥቅስ አስገባሁላቸው። መምህራችን ደርሰውበት ሲጠይቁኝ «ጊዜው አጥሮ፣ ሁኔታው አስገድዶኝ ነው» አልኳቸው። ዜሮ ሰጡኝ።

በንዴት መከራከሪያ ፍለጋ ገባሁ። ሰው ነጻ ፈቃድ አለው ወይስ ሁሉም አስቀድሞ የተወሰነ ነው? ቤንጃሚን ሊቤት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች በፈለጉት ቅጽበት እጃቸውን እንዲያንቀሳቅሱ አድርጎ የአንጎላቸውን እንቅስቃሴ ለካ። አንጎል መዘጋጀት የጀመረው እጅ ከመንቀሳቀሱ ግማሽ ሰከንድ ያህል ቀደም ብሎ ነው፤ ሰዎቹ «አሁን ላንቀሳቅስ» ማለታቸውን ያወቁት ግን 0.2 ሰከንድ ገደማ ሲቀር ነው። እሰይ! አልኩ። አንጎሌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ራሱ ሊቤት በቀረችው ሽርፍራፊ ሰከንድ ሰው ሐሳቡን ሊሰርዝ ይችላል ባይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ እነ አሮን ሹርገር ያ የአንጎል ምልክት ጭራሽ ውሳኔ ላይሆን ይችላል ብለው ተከራከሩ። መቼም እጅ ማወዛወዝና በሰው ስም መዋሸት አንድ አይደለም። እኔ የነበረኝ 0.2 ሰከንድ ሳይሆን ሙሉ ሌሊት ነው። መሐል ላይ ተነስቼ ሻይ ጠጥቻለሁ። ጥቅሱን ሁለቴ አስተካክያለሁ፤ ሴትዮዋን እንዲመስል ብዬ «ልጄ» የሚል ቃል እንኳ ጨምሬበታለሁ።

ምክንያት አልነበረኝም ወይ? ሞልቷል፤ ድካሙ፣ የውጤት ፍርሃቱ፣ እፍረቱ። ግን ምክንያት ያለው ሥራ ሁሉ የግዴታ ነው ካልን፣ ነገ ባለሥልጣኑን «ለምን?» ብለን የምንጠይቅበትን አፍ ከየት እናመጣለን? እሱም «ሁኔታው አስገድዶኝ ነው» ሲለን መቅረጫችንን አጥፍተን ልንወጣ ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ጉልቱ ተመልሼ ነበር። ሴትዮዋ አላስታወሱኝም። ያደረግኩትን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ገዝቼ ተመለስኩ። ዶርም ውስጥ ደግሞ ማብሰል ክልክል ነው።