መኪናው ለእኛ ወይስ እኛ ለመኪናው?

ባለፈው ወር አንድ ወዳጄ እናቱን ከአዲስ አበባ አስመጣ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አብሬው ሄጄ ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ እናትና ልጅ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አይቼ፣ እኔም ዓይኔን ጠራርጌ፣ ሻንጣውን እየገፋን መኪናው ዘንድ ደረስን። መኪናው ጥቁር ሸቨርሌት ሰበርባን ነው፤ ከተገዛ አራት ወሩ ነው፣ የአዲስ ሽታው ገና አልለቀቀውም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ነጭ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀና ብለው አዩትና «ልጄ፣ እዚህ ላይ ደግሞ እንዴት ብዬ ልውጣ?» አሉ። እሱ በአንድ ወገን እኔ በሌላው ደግፈን አወጣናቸው። በሳምንቱ ቤታቸው ስሄድ ከኋላ ወንበሩ ሥር አንዲት የፕላስቲክ በርጩማ ተቀምጣለች። የ60 ሺህ ዶላር መኪና መወጣጫ ተገዛለት ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ወዳጄን ለማማት አይደለም። ፈቃዱን ጠይቄዋለሁ፣ ስሜን ብቻ አታውጣው ብሎኛል። ከመግዛቱ በፊትም ለሁለት ወር ያህል ተከራክረንበታል። ምርጫው በሁለት መኪና መካከል ነበር፤ በዚህ ግዙፍ «ኤስ ዩ ቪ» እና በሊፍትባክ። ሊፍትባክ የሚባለው የኋላ በሩ ከነመስታወቱ ወደ ላይ ብድግ የሚል፣ የኋላ ወንበሩ ሲታጠፍ ወለሉ እስከ ፊት ወንበር ድረስ የሚዘረጋ የቤት መኪና ነው። ከ2004 ሞዴል ወዲህ ያለው ቶዮታ ፕሪየስ ዓይነተኛው ነው። ወዳጄ ሚስት፣ ሁለት ልጆችና አሁን እናቱ አሉት፤ አምስት ሰው። ሊፍትባኩ አምስት ሰው ይይዛል።

«ዕቃውስ?» አለኝ። ደህና ጥያቄ ነው፤ እኛ ዕቃ የምንወድ ሕዝብ ነን። አንድ ሰው አገር ቤት ሲሄድ 23 ኪሎ የሚመዝን ሁለት ሻንጣ ይዞ ነው። ቁጥሩን ግን ተመልከቱ። የ2010 እስከ 2015 ሞዴል ፕሪየስ አምስት ሰው ተቀምጦበት ከኋላ 21.6 ኪዩቢክ ፊት ቦታ ይተርፈዋል። የ2015 እስከ 2020 ሞዴል ሸቨርሌት ታሆ ሦስተኛው ረድፍ ወንበሩ ሲቆም የሚተርፈው 15.3 ነው። ያ ተራራ የሚያክል መኪና ሰው ከሞላበት ለሻንጣ ከትንሿ ያነሰ ቦታ አለው! እውነቱን ለመናገር ሦስተኛው ረድፍ ሲታጠፍ ታሆ ፕሪየስን እጥፍ ድርብ አድርጎ ይበልጣል፤ ሰበርባን ደግሞ ወንበሩ ሁሉ ቆሞም 39 ኪዩቢክ ፊት ይተርፈዋል። ሰባት ሰው ከነሻንጣው በየቀኑ የሚያመላልስ ወገን ሰበርባን ቢገዛ እጁን ስሜ አመሰግነዋለሁ። ለእሱ መኪናው በሬው ነው፣ ያርስበታል። ወዳጄ ግን የሚሠራው መኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ ነው። መኪናው ጠዋት አንድ ሰው ይዞ ይሄዳል፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል፣ ማታ አንድ ሰው ይዞ ይመለሳል።

ሁለተኛው መከራከሪያው በረዶ ነበር። አራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና በረዶ ላይ ለመነሳት ይረዳል፤ ለመቆም ግን አይረዳም። የሚያቆመው ጎማው ነው። በያመቱ በረዶ በጣለ ማግስት አውራ ጎዳናው ዳር ቦይ ውስጥ ገብተው የሚታዩትን ቁጠሩ፣ ትልልቆቹ አይጠፉባቸውም።

ሦስተኛው የልጆቹ ደኅንነት ነው፤ በዚህ ላይ ሊቀለድ አይገባም። ከባድ መኪና ከቀላል ሲጋጭ ከባዱ ውስጥ ያለው ሰው የተሻለ ዕድል አለው፤ ይህ የማይካድ ነው። ነገር ግን የእኛ ልጆች ሁልጊዜ መኪና ውስጥ አይደሉም። የት ነው የሚጫወቱት? አፓርትመንቱ ፊት ለፊት፣ መኪናው መካከል። ለመንገድ ደኅንነት የተቋቋመው የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የምርምር ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት፣ አፍንጫቸው ከመሬት ከ40 ኢንች በላይ የሆነ መኪናዎች እግረኛ ሲገጩ የመግደል ዕድላቸው ዝቅ ብሎ ተንሸራታች አፍንጫ ካላቸው መኪናዎች በ45 ከመቶ ገደማ ይበልጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዝቅተኛው እግር ይመታል፣ ከፍተኛው ደረትና ራስ። የሕፃን ልጅ ደግሞ ሁለመናው ከአፍንጫው በታች ነው፣ ነጂው አያየውም። ከግንቦት 2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አዲስ መኪና ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖረው በሕግ ተደንግጓል፤ ለፊቱ ግን እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ወዳጄ የልጆቹን ደኅንነት ሲገዛ የጎረቤቱን ልጆች አደጋ አብሮ መግዛቱን አላሰበውም። እኔም የጎረቤት ልጅ አባት ነኝና ይመለከተኛል።

አሜሪካ ራሷ እንዴት እዚህ እንደደረሰች ማወቅ ይጠቅማል። በ1973 የዘይት ዋጋ ሲሰቀል (ያው ዋጋ ነው በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ታክሲ ነጂዎች ለአድማ ያስነሳው) ኮንግረስ በ1975 መኪና በጋሎን ስንት ማይል መሄድ እንዳለበት የሚወስን ሕግ አወጣ። የቤት መኪናውን አጥብቆ ሲይዝ፣ «ቀላል የጭነት መኪና» ለተባለው ግን ላላ ያለ መለኪያ ተደረገለት፤ ገበሬውና አናጺው እንዳይጎዱ። ፋብሪካዎቹ ብልሆች ናቸው። በጭነት መኪና አካል ላይ የቆዳ ወንበር ደልድለው ለከተሜው ሸጡት። ለገበሬ ተብሎ የተከፈተው በር የባለቢሮው መግቢያ ሆነ። በሐምሌ 2008 ጋሎን ቤንዚን ከ4 ዶላር፣ በሰኔ 2022 ደግሞ ከ5 ዶላር ሲያልፍ ገበያው ለጥቂት ወራት ይደነግጣል፣ ዋጋው ሲወርድ ይረሳዋል። እኛም አብረን እንረሳለን።

አሁን ወደ ኪሳችን። ወዳጄ 60 ሺህ ዶላር በ9 ከመቶ ወለድ ለ84 ወር ተበደረ። ወርኃዊ ክፍያው 965 ዶላር ነው፤ ሲያልቅ 81 ሺህ ዶላር ከፍሏል። ያየነው ያገለገለ ሊፍትባክ 22 ሺህ ነበር፤ በዚያው ወለድ ለ60 ወር፣ በወር 457። በዓመት 15 ሺህ ማይል ይነዳል እንበል። ሰበርባኑ በጋሎን 17 ማይል ያህል ሲሄድ ፕሪየሱ 50 ይሄዳል፤ ጋሎኑ 3 ዶላር ከ50 ቢሆን የቤንዚኑ ልዩነት በወር 170 ዶላር ነው። ኢንሹራንሱንና ጎማውን ትተን በድምሩ በወር 678 ዶላር ይበልጣል። በሰዓት 18 ዶላር ለሚያገኝ ሰው ይህ 38 ሰዓት ነው፤ ያውም ከታክስ በፊት። በየወሩ አንድ ሙሉ የሥራ ሳምንት ለመኪናው ይሠራለታል።

በመኪናቸው ለሚሠሩ ወገኖች ደግሞ ሌላ ተረት አለ፦ «ከ6,000 ፓውንድ በላይ ግዛ፣ ታክስ ይቀነስልሃል»። ሕጉ አለ፣ ሐሰት አይደለም። ግን ከገቢ ላይ ይቀነስልሃል ማለት ገንዘቡ ይመለስልሃል ማለት አይደለም። በማይል የሚያሰላ ሰው በ2024 ለአንድ ማይል 67 ሳንቲም፣ በ2025 ደግሞ 70 ሳንቲም ከገቢው ላይ እንዲቀንስ ተፈቅዶለታል፤ መኪናው ሰበርባን ቢሆን ፕሪየስ ቢሆን ቁጥሩ አንድ ነው። ከላይ ባልኩት ዋጋ ፕሪየሱ ለማይል 7 ሳንቲም ቤንዚን ሲፈጅ ሰበርባኑ 21 ሳንቲም ያህል ይፈጃል። ማን እንደሚተርፈው የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ሊፍትባኩም እንከን አለው። ከ2004 እስከ 2009 ያለውን ሞዴል የያዘ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ሞተሩን ሲያስነሳ እንደ ትራክተር ቢጮህ አይግረመው፤ ሌባ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ቆርጦ ወስዶታል። የባትሪው ዋስትናም ዕድሜ አለው፣ ሳይጠይቁ አይገዛም። ሦስት የሕፃን ወንበር ጎን ለጎን አይገባበትም፤ ሦስት ትናንሽ ልጆች ያሉት ሰው ይልቅ ሚኒቫን ይግዛ። ወለሉ ዝቅ ያለ፣ በሩ ተንሸራታች፣ ለእናትም በርጩማ የማያስፈልገው።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ በወረቀት ጽፌ አሳይቼው ነበር። አንብቦ ሲያበቃ እውነተኛውን ምክንያት ነገረኝ። «ወንድሜ፣ ፕሪየስ እኮ የታክሲ መኪና ነው። በታክሲ መኪና ሠርግ ልሂድ?»

እዚህ ላይ ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም ገባኝ። ዋሽንግተን ውስጥ ስንቶቻችን ልጅ ያስተማርነው፣ አገር ቤት ጣራ ያስቀየርነው፣ ወንድም እህት ያወጣነው በታክሲ ነው? ያበላንን ሥራ አፈርንበት። አገር ቤት ትልቅ መኪና ማለት ባለሥልጣን ወይም የእርዳታ ድርጅት ነበር። ላንድ ክሩዘሩ ሲያልፍ እኛ መንገድ ዳር ቆመን አቧራውን እንለብስ ነበር። እኔ ያንን አቧራ በጋዜጣ የጻፍኩ ሰው ነኝ፣ በጻፍኩትም የተሰደድኩ። ይሁንና ያ ላንድ ክሩዘር በሁላችን ልብ ውስጥ ቀርቷል፤ እኔም የወዳጄን ሰበርባን የነዳሁ ዕለት ወንበሩ ላይ ከፍ ብዬ ስቀመጥ ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ።

«ደግሞ አንድ ቀን አገር ቤት ጭኜው እገባለሁ» ብሎኝም ነበር። ኢትዮጵያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2024 ከልክላለች። ስነግረው ሳቀና «ይለወጣል» አለ።

ባለፈው እሑድ እሱ ሥራ ነበርና እናቱን ቤተ ክርስቲያን ያደረስኳቸው እኔ ነኝ፣ በአሮጌዋ ፕሪየሴ። ቁጭ ብለው እግራቸውን ራሳቸው አስገቡ። መንገድ ላይ «ልጄ ማታ የሚገባው ስንት ሰዓት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሌሊት ሰባት ሰዓት እንደሚገባ ያውቃሉ፤ ሁለተኛ ሥራ የጀመረው መኪናውን ከገዛ በኋላ ነው። እኔም የምመልሰው ጠፍቶኝ ስለ አየሩ አወራሁ። እሳቸው ከአራት ሳምንት በኋላ ይመለሳሉ። የመኪናው ዕዳ 80 ወር ይቀረዋል።