ሞምባሳ የሚሄደውን ተዉት፤ የደባርቁን ጥያቄ መልሱ

የዓመት ፈቃድ ሰሞን በመጣ ቁጥር ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ የማይቀር ስብከት አለ። አንዱ ከሞምባሳ ወይም ከዛንዚባር ባሕር ዳር ፎቶ ይለጥፋል፤ ከሥሩ የአስተያየት ዶፍ ይወርዳል። «የሰሜን ተራሮችን ሳያይ የሰው አገር አሸዋ ላይ ይንከባለላል!» «ዶላር ማባከን!» «አገሩን የማያውቅ ትውልድ!» ከሰባኪዎቹ ስንቶቹ ደባርቅን ረግጠው እንደሚያውቁ ቢጠየቅ ደስ ባለ ነበር። ግን ይሁን፣ ይለፍ።

የማያልፈው ስብከቱ የሚሠራው ጥፋት ነው። ተጠያቂውን ትቶ ፎቶ የለጠፈውን ይገርፋል። አዲስ አበቤው ወደ ባሕሩ የሚሄደው ሊያቅደው ስለሚችል ነው። ደባርቅን ማቀድ አይችልም። ነገሩ ይኸው ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ባልና ሚስት ይታሰቡ። እሷ ባንክ ትሠራለች፣ እሱ የሕንፃ ዕቃ ይነግዳል፣ ሁለት ልጆች አሏቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት የሚያገኘው ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ከዚህ ላይ የልጅ ሕመም አለ፣ የዘመድ ሠርግ አለ፣ በየቢሮው ለሚንከራተቱበት ጉዳይ የሚሄድ ቀን አለ። ለዕረፍት የሚተርፈው ቢበዛ አራት ወይም አምስት ቀን ነው። አራት ቀን ብቻ ያለው ሰው ከምንም በላይ እርግጠኝነት ይፈልጋል። መቼ ይነሳል? ማታ የት ያድራል? ስንት ያወጣል? ከሁሉም በላይ፣ እሁድ ማታ ቤቱ ይገባል ወይ? ሰኞ ጠዋት ቆጣሪው ጋ የሚጠብቃት ደንበኛ «መንገድ ተዘግቶብኝ ነው» የሚል ምክንያት አይሰማም።

ሞምባሳ እነዚህን ጥያቄዎች ልጆቹ ከተኙ በኋላ ባለው አንድ ምሽት፣ በስልክ ይመልሳል። ቀጥታ በረራ አለ። ኬንያ ከኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም። የክፍሉ ዋጋ ከነቁርሱ ተጽፏል። ዝናቡ እንኳ ቀጠሮ አለው፤ ሚያዝያና ግንቦትን የሸሸ ሰው ፀሐይ ያገኛል። ርካሽ ነው የሚል ግን የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። የባሕሩ ጉዞ በአንድ ክረምት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እንዲህ ተወዶም የሚሄድ ካለ፣ ማፈር ያለበት ተጓዡ ሳይሆን በብር የሚከፈልበትን ጉዞ ይዞ ገበያውን ያጣው ወገን ነው።

ምክንያቱም በወረቀት ደረጃ ደባርቅ የሚሸነፍ ቦታ አይደለም። ከአዲስ አበባ ጎንደር በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም። ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያው ከተማዋ ውስጥ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች አንዱ ነው።

ደግሞም ብዙ ከተሜ የማያውቀው ነገር አለ፤ የሰሜንን ተራሮች ለማየት የግድ ተራራ መውጣት አያስፈልግም። ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበር በኩል ጨነቅ ድረስ፣ ከዚያም ቧሂትን ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ የሚወርድ የመኪና መንገድ አለ። ጉልበቷን የሚያማት አያት ከመኪናው ሳትርቅ የጭላዳ መንጋ ሣር ሲነጭ ታያለች። ጨነቅ ላይ ዕድል ከቀናት ገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ ዋልያም ታያለች። በሕይወቱ እንዳለ በሌላ ጫካ፣ በሌላ አገር የማይገኘውን ዋልያ ማለት ነው። ባሕርማ የትም አለ። የዋና ልብስ ከመግዛት ይልቅ አንድ ጋቢ ከቁም ሳጥን ማውጣት ይበቃል፤ ብርዱ ግን ቀልድ አያውቅም።

ታዲያ ጉዞው የት ላይ ይሰበራል? መንገዱ ላይ።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እዚያው ደጃፍ ድረስ መጥቶ ነበር። በነሐሴ ማብቂያ በዳባት ወረዳ፣ ጭና ላይ ሲቪሎች ተገደሉ። ይህ ቁስል ገና ሳይጠግግ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ኢንተርኔት ተዘጋ፣ የጎንደር በረራም ለቀናት ተቋረጠ። አዋጁ ጊዜው ቢያልፍም ግጭቱ አብሮት አላለፈም። ከዚያ ወዲህ የክልሉን መንገድ ለሚያስብ ሰው ጥያቄው «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» መሆኑ ቀርቶ «ያሳልፋል ወይ?» ሆኗል። ለዚህ ጥያቄ በይፋ፣ በስሙና በማኅተሙ መልስ የሚሰጥ ማን ነው? ባልና ሚስቱ የሚያውቁት ሰው የሚያውቀውን ሹፌር ይደውላሉ። ሹፌሩ «አሁን ደህና ነው፣ ነገ እንጃ» ይላል። ከሰው ሁሉ ሐቀኛው እሱ ነው። በቴሌቪዥኑ ግን «አካባቢው ሙሉ በሙሉ ሰላም ነው፣ ኑና ጎብኙ» ይባላል፤ ጉዳት ቢደርስ ኃላፊነቱን የሚወስድ ሳይጠቀስ። ሁለት ልጅ ያለው ሰው ከሁለቱ ማንን ይመን?

ይህ የመረጃ ክፍተት ደባርቅ ላይ የራሱ ሰለባዎች አሉት። ወደ ፓርኩ የሚዘልቅ ጎብኚ ስካውት ይይዛል፤ በእግር የሚጓዘው አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና በቅሎ ነጂ ይጨምራል። አንድ መንገደኛ ሲመጣ የሚያድረው እንጀራ የብዙ ቤት ነው። መንገደኛው ሲቀር ሆቴሉ ሠራተኛ ይቀንሳል፣ በቅሎ ነጂው ግን በቅሎዋን መቀነስ አይችልም፤ ሥራ ኖረም አልኖረም ገብስ ትበላለች። የግጭ መንደር ነዋሪዎች ፓርኩ እንዲያገግም ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2016 ከመሬታቸው ተነስተው ደባርቅ ሲሰፍሩ፣ ፓርኩም በቀጣዩ ዓመት በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሲወጣ፣ ከተነገሩት ተስፋዎች አንዱ ቱሪዝም ነበር። ተስፋውን የሰጠ ሁሉ አሁን ድምፁ የለም።

«ሰው እየሞተ ስለ ሽርሽር ይወራል?» የሚል ተቆርቋሪ ይነሳል። ቁጣው ይገባል፤ መሰበክ ያለበት ግን ሌላ ቦታ ነው። ለበቅሎ ነጂው ይህ ሽርሽር አይደለም፣ የልጆቹ ቀለብ ነው። በሰላም እጦት የተጎዳውን ሰው ገበያውን መርሳት አይክሰውም።

ሞምባሳም እኮ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014፣ በኬንያ ከደረሱት የአልሸባብ ጥቃቶች በኋላ ብሪታንያ ማስጠንቀቂያ አወጣች፤ አስጎብኚ ድርጅቶችም በመቶዎች የሚቆጠሩ እንግሊዛውያንን ከባሕር ዳርቻው ጭነው ወሰዱ። የኬንያ መንግሥት ያኔ የገዛ ሕዝቡን አልሰበከም። ሠራተኛቸውን በአገር ውስጥ ለዕረፍት የሚልኩ ድርጅቶች ወጪው ከግብር እንዲቀነስላቸው ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የናይሮቢና የሞምባሳ ባቡር ሥራ ጀመረ፤ ናይሮቤው ጠዋት ተሳፍሮ ከሰዓት ባሕሩ ዳር ይደርሳል። እርግጥ የኬንያ የባሕር ዳርቻና የአማራ ክልል ችግር አንድ አይደለም፤ እዚያ በየመንገዱ ጦርነት አልነበረም። ሰላም ሳይወርድ ደባርቅ ሞምባሳን ትሁን ማለት ቅዠት ነው። ዛሬ ሊደረግ የሚችለውን ሁሉ «ሰላም ሲመጣ» እያሉ መግፋት ደግሞ ስንፍና ነው።

ለምሳሌ የሦስት ቀን ጉዞ ዋጋ በብር ለመጻፍ ሰላም እስኪወርድ መጠበቅ ምን አመጣው? በሰሜን ተራሮች ጉዞ የሚሸጡ ድርጅቶች ገጽ ሲከፈት አብዛኛው የተዘጋጀው በዶላር፣ በእንግሊዝኛ፣ ለአንድ ሳምንት በእግር ለሚጓዝ ፈረንጅ ነው። ሁለት ልጅ ይዛ ለሁለት ሌሊት የምትመጣ የባንክ ሠራተኛ እዚያ ገጽ ላይ ቦታ የላትም። ፈረንጁ በኤምባሲው ምክር ከቀረ ደግሞ ሰነበተ። ገበያው የቀረው ማንም ያላሰናዳለት አገሬ ሰው ነው፤ እሱኑ ነው እንግዲህ «አገሩን የማይወድ» እያሉ የሚሰድቡት።

ክልሉ፣ ዞኑና ፓርኩ በየሳምንቱ ሐሙስ አንድ ገጽ በአማርኛ ያውጡ። የጎንደር–ዳባት–ደባርቅ መንገድ ክፍት ነው ወይስ ዝግ? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? ወደ ጨነቅ መኪና ይገባል? የስካውት፣ የበቅሎ፣ የመኪና ክፍያ በብር ስንት ነው? መንገዱ ቢዘጋ ቀብዱ ይመለሳል ወይ? ዝግ ከሆነ «ዝግ ነው» ይበሉ። «በዚህ ሳምንት አትምጡ» ብሎ የጻፈ ጽሕፈት ቤት፣ በሚቀጥለው ሳምንት «ኑ» ሲል የሚያምነው ያገኛል። ይህ ገጽ እስኪወጣ ባልና ሚስቱ የሞምባሳውን ቲኬት ቢቆርጡ የሚወቅሳቸው ሰው፣ መጀመሪያ ራሱ ለአራት ቀን ቤተሰቡን ይዞ ዳባትን አልፎ ይመለስና ያውራ።