«ቈራጥ» የሚባለው ማን ነው?

በሐሳቡ የጸናውን ሰው አማርኛችን በብዙ ስም ይጠራዋል። ከነዚህም «ቈራጥ» ምስጋና ሲሆን «ግትር» ነቀፋ ነው። ዳሩ ግን ሁለቱን ቃላት የምናድለው ሥራውን መርምረን ሳይሆን ሠሪውን አይተን ስለ ሆነ፥ አጠቃቀማችን መታረም ያለበት ይመስለኛል።

«ቈራጥ» ቈረጠ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። «ግትር» ደግሞ ገተረ ከሚለው ነው፤ ይኸውም ገመድን ስቦ መወጠር ማለት ነው። እንግዲህ ግትር ሰው የያዘውን ይስባል እንጂ አይመረምርም። ቈራጥ ግን ግራና ቀኙን አይቶ ይወስናል፤ የውሳኔውንም ዋጋ ራሱ ይከፍላል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ታሪክ በገዛ አገራችን በወሎ አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጽ፥ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትገናኝ በኢጣልያ አማካይነት መጠቀም እንደምትችል በአማርኛ ሲናገር፥ በኢጣልያንኛው ግን ያስገድዳት ነበር። ዐፄ ምኒልክ አስቀድመው በደብዳቤና በድርድር ተከራከሩ፤ አልሆን ቢል ውሉን አፈረሱ። እቴጌ ጣይቱም መልእክተኛውን አንቶኔሊን ፊት ለፊት ተቃወሙ፤ ኋላም ወደ ዐድዋ ዘመቱ። ዛሬ እቴጌይቱን «ግትር ነበሩ» ብሎ የሚነቅፍ ማን ነው?

በእኛ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ግን ሚዛኑ የተገለበጠበት ጊዜ አለ። በድንበር ተጣልቶ የሽማግሌዎችን ዕርቅ እንቢ ያለ ጐረምሳ «ቈራጥ ነው» ሲባል እንሰማለን። ከገጠር መጥታ፥ ቤት ተከራይታ፥ ስንቋን ተሸክማ የምትማር ልጅ «ትምህርቴን ሳልጨርስ አላገባም» ስትል ግን «ግትር፥ ዐይን አውጣ» ትባላለች። እርሱ ያልቈረጠው ቂም ለወንድሞቹ ይተርፋል፤ እርሷ ግን የመረጠችውን ድካም ራሷ ትሸከማለች። ታዲያ ቈራጡ ማን ነው?

«ልጅ ለወላጅ መታዘዝ አለበት» የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ምክር ሰምታ ምክንያቷን በትሕትና የተናገረች ልጅ ወላጆቿን አልናቀችም። ሕጉም ከእርሷ ጋር ነው፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የክልላችን የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ 18 ዓመት መሙላትንና የተጋቢዎቹን ነፃ ፈቃድ ይጠይቃል።

ስለዚህ ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን ይህን ቃል ለሚገባው እንዲሰጡልን እለምናለሁ። ጠቡን ትቶ ለዕርቅ የተቀመጠውን ጐረምሳ «ፈሪ» ሳይሆን «ቂሙን የቈረጠ ቈራጥ» እንበለው፤ የከተማችንም ስም የሰላም ስፍራ ማለት ነውና። ለትምህርቷ የጸናችውንም እንዲሁ እንጥራት። «ተስፋ ቈረጠ» የምንለውም ከዚያው ግሥ መሆኑን አንርሳ። ቈራጥ ልትባል የሚገባትን ልጅ ግትር እያልን ብናሳፍራት፥ በመጨረሻ የምትቈርጠው ተስፋዋን ይሆናል።