እግረኛውስ በየት ይሻገር?

ከደሴ ወደ ወልድያ በመኪና የሚጓዝ ሰው ውርጌሳንና መርሳን ሲያልፍ ወንዝ መሻገሩን እንኳ ልብ አይልም፤ የአውራ ጎዳናው ድልድይ ያሻግረዋልና። ከአስፋልቱ ወርዶ በእግሩ የሚሄደው የሐብሩ ገበሬ ግን ወንዙን በሚገባ ያውቀዋል። ወረዳው በደቡብ በሚሌ፣ በሰሜን በአላ ውኃ የታጠረ ነው። በምዕራብ በኩል ያለው ደጋ ሲዘንብበት፣ ቆላው ፀሐይ እየሞቀ ሳለ ደራሹ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ነገሩ የሐምሌና የነሐሴ ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነበር፤ የወሎ ሰው በልግም አለበት። ገበያተኛው ውኃው እስኪጎድል ዳር ይቀመጣል፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ላይ ሆና ትጠብቃለች፤ ተማሪው ከትምህርቱ ይቀራል። የቸኮለውም ይገባና አንዳንዴ አይወጣም።

እኛ በበኩላችን፣ ለእንዲህ ያለው ወንዝ የሚስማማው በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ነው እንላለን። በወንዙ መካከል ዓምድ ስለማይቆምለት ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣው ጎርፍ የሚገፋው ነገር አያገኝም፤ ክብደቱን ገመዶቹ ተሸክመው በሁለቱ ዳር ለተገነባው ማሰሪያ ያስረክባሉ።

ይህም ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በዐፄ ፋሲል ዘመን በዐባይ ላይ እንደተሠራ የሚነገረው ሰባራ ድልድይ በጠላት ወረራ ጊዜ መካከሉ ከፈረሰ በኋላ፣ የጎጃምና የበጌምድር ሰው ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ተሻግሯል። በ1994 ዓ.ም. ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ ከረዳቶቹና ከአገሬው ጋር ሆኖ ክፍተቱን በብረት አያያዘው፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ጎርፍ ወሰደው። የተንጠለጠለው ድልድይ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የድልድይ ከፍታ የሚለካው መሐንዲሱ በበጋ ባየው ውኃ ሳይሆን ሽማግሌዎች በሚያስታውሱት ጎርፍ ይሁን።

ገመዱ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ድንጋዩንና አሸዋውን ግን ወንዙ ራሱ ያመጣዋል። ይልቅ የሚያሰጋን ከምረቃው በኋላ ያለው ነው። ሪባን ቆራጮቹ አንድ ጊዜ ተሻግረው በመኪናቸው ይመለሳሉ። የላላውን ብሎን ማን ያጥብቀው? የተሰበረውን ሳንቃ ማን ይተካው? ኔፓሎች እንዲህ ያለውን ድልድይ በሺህ የሚቆጠር ሠርተዋል፤ የመንደሩን ሰው በሥራውም በጥበቃውም አስገብተው ነው። የሐብሩ ወረዳም ሥራውን በሚፈቅድበት ወረቀት ላይ የጠባቂውን ደመወዝና የጥገናውን በጀት አብሮ ይጻፍበት።

የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎችስ? ወልድያ ተቀምጠን የሌላ አገር ድልድይ በወረቀት ላይ ከምናሰላ፣ በመጪው ክረምት ሜትርና ደብተር ይዘን እንውረድ፤ ሰው በእግሩ የሚሻገርበትን መልካ እየዞርን ስፋቱንና የጎርፉን ምልክት እንመዝግብ። ኅብረቱም የፈቃደኞችን ስም መመዝገብ ከዚህ ሳምንት ይጀምር።